ለአንድ ስኒ 1,280 ዶላር? የቶርኖ ባለሙያው ይመልሳል

የዝግጅት ክፍሉ በዚህ ወር ከላከልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ዋጋ ናቸው። ኑሮው ነው መሰለኝ። ተክለ ሃይማኖት ባለው ቶርኖ (ብረት መቅረጫ) ቤቴም ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማው «ኧረ ትንሽ አስተያየት አድርጉ!» የሚለው ነው። እንግዲህ ልጀምር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን የአሜሪካ አየር ኃይል ለአንድ ስኒ 1,280 ዶላር ከፈለ የሚል ወሬ ተነሳ። አንዱ «ሌብነት ነው» አለ። ሌላው «የወርቅ ቅብ ይሆናል» አለ። እኔ ጭራሽ አላመንኩም። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት? (ዮ.ወ.፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እውነት ነው። ወርቅ ግን የለውም።

ነገሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ካሊፎርኒያ ካለው የትራቪስ አየር ኃይል ጣቢያ። ስኒ ይባል እንጂ አውሮፕላን ውስጥ ከኤሌክትሪክ ጋር እየተገናኘ ውሃ ወይም ቡና የሚያሞቅ የብረት ዕቃ ነው። ሲወድቅ የፕላስቲክ እጀታው ይሰበራል። እጀታው ለብቻው አይሸጥም ነበር። ስለዚህ እጀታ በተሰበረ ቁጥር ሙሉ ዕቃው ይገዛ ነበር። አየር ኃይሉ ከ2016 ጀምሮ 391 ገዝቶ ከ326,000 ዶላር በላይ አውጥቷል። መጀመሪያ ላይ አንዱ 693 ዶላር ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በመጨረሻ እዚያው ጣቢያ ያሉ ወታደሮች እጀታውን በ3ዲ ማተሚያ በግማሽ ዶላር ገደማ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ።

«ሌባ!» ማለት ቀላል ነው። እስቲ መጀመሪያ ዋጋውን እንፍታው። የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ እንደ ቤታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ አይደለም። ብዙውን ጊዜ 115 ቮልት፣ 400 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ሱቅ ያለውን ማሞቂያ ገዝተህ መሰካት አትችልም። ዕቃው ንዝረት ይችላል? ሬዲዮ ይረብሻል? እሳት ያስነሳል? ይኼ ሁሉ መፈተሽ አለበት። ፈታኙ ደመወዝ ይበላል፤ መፈተሻው ቤት ኪራይ አለው። የቤት ማንቆርቆሪያ ሲሆን ይኼ ወጪ ለሚሊዮኖች ይካፈላል፣ አይታወቅም። እዚህ ግን የሚካፈለው ለጥቂት መቶ ዕቃ ነው።

ከዚህ በፊትም የተወራለት ዕቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአንድ መዶሻ 435 ዶላር ከፈለ ተብሎ አገር ተቀወጠ። መዶሻው ለብቻው አልነበረም የተገዛው፤ ከብዙ መለዋወጫ ጋር በአንድ ውል ነው። የሂሳብ ሠራተኞቹ የኢንጂነሪንጉን ወጪ ለእያንዳንዱ ዕቃ እኩል አካፈሉት። 15 ዶላር የሚያወጣው መዶሻ ላይ 420 ዶላር ተለጠፈ። ብዙ ምርምር የጠየቀው ዕቃም የተለጠፈበት ያው 420 ነው። አምስት ሆናችሁ ምሳ በልታችሁ፣ አንዱ ሻይ ብቻ ጠጥቶ፣ ሂሳቡን እኩል እንደመካፈል በለው። ጠቅላላው አይለወጥም፤ የሻዩ ዋጋ ግን ጉድ ይሆናል። ጋዜጣው ሻዩን ብቻ ነው የጻፈው።

እዚህ ድረስ ለሻጮቹ ጥብቅና ቆምኩ። አሁን ልውረድ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የአሜሪካ መከላከያ ዋና ተቆጣጣሪ ስለ ሲ-17 ማመላለሻ አውሮፕላን መለዋወጫዎች ሪፖርት አወጣ። ለመጸዳጃ ቤቱ ፈሳሽ ሳሙና መያዣ የተከፈለው ገበያ ላይ ካለው ተመሳሳይ ዕቃ ከ80 እጥፍ በላይ ነበር። ሳሙና መያዣ ነው እኮ! ሚሳኤል አይመራ። ቀደም ብሎ በ2019 ይኸው ተቆጣጣሪ ትራንስዳይም ከሚባል ኩባንያ የተገዙ 47 መለዋወጫዎችን መርምሮ 46ቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ትርፍ አግኝቷል። ኩባንያው 16.1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። ችግሩ የት ነው? ዕቃውን የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። የአሠራር ንድፉም፣ የመሥራት መብቱም የእሱ ነው። ውሉ ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች ከሆነ ደግሞ ወጪውን ዘርዝሮ የማሳየት ግዴታ የለበትም። ሌላ በር የለህማ፤ ምን ታመጣለህ?

እና ለጓደኞችህ እንዲህ በላቸው። የስኒው ዋጋ ገሚሱ የሥራ፣ ገሚሱ የብቸኛ ሻጭ ዋጋ ነው። እጀታውን ለብቻ አለመሸጥ ግን ምንም ሰበብ የለውም። እዚህ እኛ ሰፈር እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ስም ይወጣለት ነበር።

ጥያቄ፦ መርካቶ የበርበሬ ወፍጮ ቤት አለኝ። ማሽኑ የጣሊያን፣ የድሮ ነው። አንዱ ማርሽ ጥርሱ ተሰባበረና መለዋወጫው ጠፋ። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ለአንዱ 14,000 ብር አሉኝ። ሦስት ላሠራ ብል ስንት ነው ስላቸው፣ ሦስቱን በ21,000 አሉ! ታዲያ አንዱን በ7,000 የማይሰጡኝ ለምንድን ነው? ሴት መሆኔን አይተው ነው? (ወ/ሮ አ.ገ.፣ መርካቶ)

መልስ፦ እትዬ፣ ሴት ስለሆኑ የሚቆልል ባለሙያ የለም አልልም። ይኼኛው ግን አልዋሸዎትም። እንዲያውም ሦስተኛውን በደንብ ነው የሰጠዎት።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጁ ማርሹን ይቀበልና በነጭ ጋዝ ያጥበዋል። በርበሬና ግሪስ ተጋግሮበት ምንም አይታይማ። ከዚያ ጥርሱን ይቆጥራል፤ የተሰበረውንም ጭምር። 38 ነው እንበል። በካሊፐር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል። ጥርሱ ስለተበላ 99 ሚሊ ሜትርና ኩርማን ይላል። ድሮ ስንት ነበር? ጥርሱ ላይ 2 ይደምራል፣ 40 ይሆናል። 100ን ለ40 ሲያካፍል ልክ 2.5 ይመጣል። አሃ፣ 100 ነበር ማለት ነው፤ ጥርሱም ባለ 2.5 ሞጁል (የጥርስ መጠን መለኪያ) ነው። ይኼ ግምት ስለሆነ ደግሞ ማሽኑ ላይ አብሮት ከሚገጥመው ማርሽ ጋር ማስተያየት አለበት። ለዚህ እርስዎ ወፍጮ ቤት ድረስ መምጣት ይኖርበታል።

አሁን መቁረጫ ይፈለጋል። ለአንድ ሞጁል ብቻ ስምንት ዓይነት መቁረጫ አለ። ለ38 ጥርስ የሚሆነው ከስምንቱ አንዱ ነው። እሱ ቤት ከሌለ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ካጣም ከሌላ ቶርኖ ቤት ይለምናል። ብረቱም ዝም ብሎ ብረት አይደለም። ለስላሳ ከሆነ በርበሬው ሳያልቅ እሱ ያልቃል። ምናለሽ ተራ ሄዶ ክብ ብረቱን እየሞረደ፣ እየደበደበ ያማርጣል።

ከዚያ ቶርኖ ላይ ያከበዋል፣ መሐሉን ይበሳል፣ ፍሬዛ (ጥርስ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ያስረዋል። ፍሬዛው ላይ መቁጠሪያ ቀዳዳዎች ያሉት መከፋፈያ አለ። የመከፋፈያው እጀታ 40 ዙር ሲዞር ማርሹ አንድ ዙር ይዞራል። ለ38 ጥርስ፣ ከአንዱ ጥርስ ወደሚቀጥለው ለመሄድ እጀታው አንድ ሙሉ ዙርና የዙር 1/19ኛ መዞር አለበት። ይኼን 38 ጊዜ። በመሐል ስልክ ጠርቶት አንድ ቀዳዳ ከዘለለ 37ኛው ጥርስ ላይ ነው የሚነቃው። ያኔ ብረቱም ድካሙም ገደል ገባ። እኔ ፍሬዛ ላይ ያለ ሰው የማነጋገር ደንበኛ ከቤቴ አስወጣለሁ፤ ባለጌ ቢሉኝም ይበሉኝ።

ሦስት ሲሆንስ? ልኬቱ አንድ ጊዜ ነው። መቁረጫ ፍለጋው አንድ ጊዜ ነው። ፍሬዛው የሚታሰረውም አንድ ጊዜ ነው። እንዲያውም ሦስቱን ክብ ብረቶች ጎን ለጎን አንድ ዘንግ ላይ ይደረድራቸውና መቁረጫው በአንድ ጉዞ ሦስቱንም ይቆርጣል። የሚጨመረው ብረትና የቶርኖ ሥራ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው በ3,500 ብር የመጡት ለዚያ ነው። 14,000 የከፈሉት ለመጀመሪያው ነው።

የአውሮፕላን ፋብሪካም ያው ነው። ራይት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ (ወንድማማቾቹ አይደሉም፣ ሌላ ነው) እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሚመረተው አውሮፕላን ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ለአንዱ የሚወጣው የሰው ጉልበት በ20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የመጀመሪያውን የሚሠራ ሰው ገና እየተማረ ነው። ሁለት ብቻ አሠርቶ የሚያቆም ገዢ የሚከፍለው ለትምህርቱ ነው።

ምክሬ፦ ሦስቱን ያሠሩ። ጎረቤት ወፍጮ ቤት ተመሳሳይ ማሽን ካለ አንዱን ይሽጡለት። ሁለት ሺህ ብር ይቀንስልኝ ብለው ቢከራከሩም ነውር የለውም። ግን እኔ ነገርኳቸው እንዳይሉ፤ ልጁ የሰፈሬ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በቀድሞው ሠራዊት መካኒክ ነበርኩ። ሶማሌ ተራ በጥቂት ብር የማገኘው ቡሎን ለአውሮፕላንና ለጦር መሣሪያ ሲሆን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ዓይኔ እስኪጠፋ አስተያይቻለሁ፣ ልዩነት አይታየኝም። ምኑ ነው የተለየው? (ሻምበል ባሻ ተ.፣ ጨርቆስ)

መልስ፦ ሻምበል ባሻ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። አንዳንዴ ቡሎኑ ያው ነው፤ የተለየው ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው። ይኼ ብረት በዚህ ቀን ከቀለጠው፣ ይኼ ቁጥር ካለው ብረት የመጣ ነው። ናሙናው ሲፈተሽ እንዲህ ተስቦ በዚህ ኃይል ተበጠሰ። ጥርሱን ያወጣው እገሌ፣ የለካው እገሌ፣ የፈረመው እገሌ። ነገ አንዱ ቡሎን ቢሰበር፣ ከዚያው ብረት የተሠሩት ሌሎቹ የትኛው ማሽን ላይ እንዳሉ ተፈልጎ ይገኛል። ሶማሌ ተራ ያለውን ቡሎን ግን ከየት መጣህ ብለው ቢጠይቁት አባቱን አያውቅም። ጥሩ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ግን ለጋሪ እንጂ ለሰርጓጅ መርከብ አይበቃም።

ሰርጓጅ መርከብ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ትሬሸር የምትባል የአሜሪካ ሰርጓጅ ሚያዝያ 10 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) ጥልቀት ስትፈትሽ ሰጥማ 129 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ በጣም የጠረጠሩት የባሕር ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ ብየዳ መልቀቁን ነው። ከዚያ በኋላ ባሕር ኃይሉ ሰብሴፍ የሚባል የቁጥጥር ሥርዓት አወጣ። ውሃ የሚከለክል እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደመጣና ማን እንደፈተሸው ካልተጻፈለት መርከቡ ላይ አይወጣም። ዋጋውን አስቡት። ግን በዚያ ሥርዓት አልፋ የሰጠመች ሰርጓጅ እስካሁን የለችም።

ወረቀቱ ቢዋሽስ? ዋሽንግተን ግዛት፣ ታኮማ ከተማ፣ የሰርጓጅ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበር። እዚያ የብረት ፈታሽ የነበረች ባለሙያ ከ1985 እስከ 2017 የፈተና ውጤት ስትቀይር ቆየች። ከ240 በላይ የብረት ሥራ በሐሰት ውጤት አለፈ። ብረቱ ከዜሮ በታች 73 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተመትቶ እንዳይሰበር ነበር የሚፈለገው። እሷ ግን በዚህ ቅዝቃዜ መፈተሽ ሞኝነት መስሏት እንደነበር ለመርማሪዎች ተናገረች። ፋብሪካው 10.9 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ እሷ በ2022 ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባት። መርከቦቹን አንድ በአንድ መገምገሙ ደግሞ ለባሕር ኃይሉ ሌላ ወጪ ሆነ።

በሲቪሉም በኩል አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ያለ አንድ ነጋዴ የአውሮፕላን ሞተር መለዋወጫ በተጭበረበረ ወረቀት ሲሸጥ መቆየቱ ታወቀ። በስንት አገር ያሉ አየር መንገዶች አውሮፕላን አቁመው ሞተር ፈቱ። ዕቃው ራሱ ደህና ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ማለት ነው።

እርግጥ ወረቀትም ሲበዛ ቅጥ ያጣል። የአሜሪካ ጦር ለወታደር የሚቀርበው የቸኮሌት ኬክ እንዴት መሠራት እንዳለበት 26 ገጽ መመሪያ ነበረው። ለኬክ! እ.ኤ.አ. በ1994 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊልያም ፔሪ ከተቻለ የገበያውን ደረጃ ተጠቀሙ ብለው መመሪያ ያወጡት እንዲህ ያለው ነገር መረን ስለለቀቀ ነው። ለቡሎኑ ግን ወረቀቱ ይቅር አልልም። እርስዎም የሚሉ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በቸርችል ጎዳና ስመላለስ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን ሴባስቶፖልን አያለሁ። እውነተኛው መድፍ ዛሬ ይሠራ ቢባል ስንት ብር ያወጣ ነበር? (ሜ.፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። አደባባዩ ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ ነው ያለው። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። በብረት ኪሎ ከሒሳብሽው ግን ተሳሳትሽ።

ንጉሡ መድፉን ሲያሠሩ መድፍ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበረም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እቶኑ ራሱ መሠራት ነበረበት። ሥራው የተሰጣቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ቢሆኑም መድፍ አቅልጠው አያውቁም፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ነው የተማሩት። ከዚያ ያንን ጉድ በሰው ጉልበት ተራራ ለተራራ ጎትቶ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ተጠረገ። የእቶኑ፣ የትምህርቱና የመንገዱ ወጪ የሚካፈለው ለስንት ነው? ለጥቂት መድፍ። ለዚያ ነው በብር ልነግርሽ ያልሞከርኩት።

ትልልቆቹ አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። ቢ-2 የሚባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ 132 ሊሠራ ታቅዶ 21 ላይ ቆመ። አንዱን መሥራት ብቻውን 737 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የምርምሩ ወጪ ለ21 ሲካፈል አንዱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የባሰው ዙምዋልት የሚባለው የጦር መርከብ ነው። 32 ይሠራል ተብሎ 3 ብቻ ተሠራ። መድፉ ለብቻው የተነደፈ ጥይት ነበረው። መርከቡ ሲያንስ የሚፈለገው ጥይትም አነሰ፣ የአንዱ ጥይት ዋጋም ወደ 800,000 ዶላር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሕር ኃይሉ ጥይቱን መግዛት ተወ። መድፉ እያለ ጥይቱ ጠፋ! ብዛት ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋ ሲጨምር ምክር ቤቱ ይደነግጥና ብዛት ይቀንሳል። እንዲህ እያለ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ልዩ ዕቃ ላሠራ ስል ሁሉም ቤት ግማሽ ቀብድ ካልከፈልክ ይለኛል። ሱቅ ስገዛ ቀብድ የለም። ይኼ አለመተማመን አይደለም? (ቢ.፣ ሜክሲኮ)

መልስ፦ አይደለም። ሱቁ ያለውን ዕቃ አንተ ብትተወው ሌላው ይገዛዋል። ለአንተ በር የተለካውን ማጠፊያ ግን ብትጠፋ ለማን ልሽጠው? አንዳንዱ ደንበኛ ረክሶ ሌላ ቦታ ሲያገኝ ስልኩን ያጠፋል። መደርደሪያዬ ላይ ባለቤት አልባ ዕቃ ሞልቷል።

መሣሪያ አምራችም እንደ እኔው ነው፤ ደንበኛው አንድ መንግሥት ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ለሌላ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ማሽኑም ሠራተኛውም ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ የሚከፍለው ያው መንግሥት ነው። ካልከፈለ ምን ይመጣል? ስቲንገር የሚባለውን ከትከሻ የሚተኮስ ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል የአሜሪካ ጦር ለረጅም ዓመታት ሳይገዛ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለዩክሬን ሰጥቶ መተካት ሲፈልግ አንዳንዱ የውስጥ ክፍል ከገበያ ጠፍቷል፤ እንደገና መንደፍ ግድ ሆነ። አምራቹ ሬይቲዮን ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸው 70ዎቹ ውስጥ ያለ ሠራተኞቹን ጠርቶ ወጣቶቹን እንዲያስተምሩለት አደረገ። ያ ሁሉ ዋጋው ላይ ይደመራል።

ቀብዱን ክፈል፤ ደረሰኝ ግን ተቀበል። ደረሰኙ ላይ የዕቃውን ልኬት፣ የብረቱን ዓይነትና የምትረከብበትን ቀን አስጽፍ። ናሙናህን ስትሰጥም በስልክህ ፎቶ አንሳው። «እኔ የሰጠሁት ይኼ አይደለም» የሚል ክርክር ቶርኖ ቤት ውስጥ በየቀኑ አለ።